ለአሳዳጊ ፊርማ የተተወ ቦታ

ካቺሌ መንደር፣ ዴድዛ፣ ማላዊ
ፌብሩወሪ 3 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለመምህር ሌቪሰን ካቺንግዌ
ፍራንሲስታውን፣ ቦትስዋና

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን፣ እርስዎ ደህና ከሆኑ። እናቴ ተንበርክካ፣ እጇን አጨብጭባ ሰላም ብላዎታለች። የባዕድ አገር ውሃ ይስማማዎት፣ ጉልበትዎ አይድከም ትላለች።

ዝናቡ ዘንድሮ አልከፋም። በቆሎው ወገቤ ደርሷል። ድንቹን ፍልፈል ጀምሮት ነበር፤ እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ ጭስ ለቃበት ሸሸ። ቤትዎም ደህና ነው። እናቴ በየቅዳሜው ትጠርገዋለች፤ መስኮቱን ከፍታ አየር ታስገባለች።

ይህን በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ባለፈው «በመንደር ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ አልከፍትም» ስላሉኝ ነው። ስሕተት ቢያገኙበት ይታገሱኝ።

አጎቴ፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደርሻለሁ። የዩኒቨርሲቲ መምረጫ ፎርም ተሰጥቶናል። ሦስት መስመር አለው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ምርጫ። ጓደኞቼ ከምሳ በፊት ሞልተው ጨረሱ። አብራኝ የምትቀመጠው ፌስታ «ደመወዝ የሚበዛበትን ጻፊና ተገላገይ» አለችኝ። እኔ ግን አራት ቀን በጉያዬ ይዤው ዞርኩ። ብላንታየር የሒሳብ መዝገብ ሥራ አለ፤ ሊሎንግዌ ነርስነት አለ፤ ደም ሳይ እንደምወድቅ ግን ያውቃሉ፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ከቤት ነው የምወጣው። ዞምባ ቋንቋ አለ። ቋንቋ ስል እንግሊዝኛን ብቻ አይደለም፤ የራሳችንንም ያስተምራሉ አሉ።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ከሳጥንዎ ውስጥ የቋንቋችንን የሰዋስው መጽሐፍ አውጥቼ አንብቤዋለሁ። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች የሉትም፤ ስለዚህ ስለ ስም ምንም ሳላውቅ ከግሥ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያወራ የምሰማው ቃሉን እየፈታሁ ነው። ባለፈው እሑድ በቆሎ እየፈለፈልን ለእናቴ «ንዲድዛኩዌሬንጌራኒ» አልኳት፤ «አነብልዎታለሁ» ማለቴ ነው። ቃሏን ከፋፍዬ አሳየኋት፦ ይቺ እኔ ነኝ፣ ይቺ ወደፊት ናት፣ ይቺ የሚነበብለት ሰው፣ ይሄ ማንበብ፣ ይቺ «ለ»፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ደግሞ አክብሮት። እናቴ መፈልፈሏን ትታ ሳቀች። «ይሄን ሁሉ ሰው በአፌ ተሸክሜ ነው የኖርኩት?» አለች።

ይህን ነው መማር የምፈልገው። ሌላ ነገር ስማር ጎበዝ ልሆን እችላለሁ፤ ደስተኛ ግን የምሆነው በዚህ ነው።

ከፎርሙ ግርጌ «የአሳዳጊ ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። እናቴ ጣቷን ብታሳርፍበት ብዬ ጠይቄ ነበር። ርእሰ መምህሩ «በእናንተ ዘንድ ልጅ የምትታዘዘው ለእናቷ ወንድም አይደለም እንዴ? እሱ ይፈርም» አሉ። ልክ ናቸው። እርስዎ የቤታችን ንኮስዌ፣ የሴቶቹ ጠባቂ ነዎት፤ ያለ እርስዎ ቃል ከእኛ ቤት ማን አግብቶ፣ ማን ተምሮ ያውቃል? ፎርሙን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እስከ ሜይ 31 መመለስ አለበት።

ጥላዎን አያሳጣን።
ታዛዥ የእህትዎ ልጅ
ዘሊፋ


ፍራንሲስታውን
ማርች 11 ቀን 1996

ለእህቴ ልጅ ለዘሊፋ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ በመልካም ጤንነት እገኛለሁ።

ደብዳቤሽን መልሼ ልኬልሻለሁ። ቀዩ ቀለም የእኔ ነው። አሥራ ሰባት ስሕተት አግኝቼበታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስሕተት መፈለጉን ተውኩት፣ ቀለሜም ብርቅ ነው። «ዘ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቃል አንዳንድ ቦታ በጭራሽ ረስተሻታል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው በትነሻታል። ከእኔ ተማሪዎች አንዱ እንዲህ ቢጽፍ ክፍል ፊት አቁሜ አስነብበው ነበር። የአንቺንም አንብቤላቸዋለሁ። ስምሽን አልጠራሁም፤ «አንዲት ዩኒቨርሲቲ መግባት የምትፈልግ ልጅ» ብቻ ነው ያልኩት። «በቆሎው ወገቤ ደርሷል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸውን ማቆም አልቻሉም። እኔም አላስቆምኳቸውም። ትምህርት ነው።

አሁን ስለ ምርጫሽ። የመንደርሽን ቋንቋ ለመማር ዩኒቨርሲቲ? እናትሽ በነፃ እያስተማረችሽ? ነገ ሰው «ምን ተማርሽ?» ሲልሽ «መናገር» ልትዪው ነው? ዞምባን ደግሞ ለእኔ አትንገሪኝ። እኔ ዲግሪዬን የያዝኩበት ቤት ነው። እዚያ እነማን እንደሚገቡና እነማን እንደሚወጡ አውቃለሁ፤ አንቺ ከሚገቡትም ከሚወጡትም አይደለሽም።

መጽሐፍ እወዳለሁ ትያለሽ። ፍየልም ትወዳለች፤ ከነሽፋኑ ነው የምትበላው።

አንደኛ ምርጫሽ ነርስነት ነው። ነርስ የትም አገር ትፈለጋለች። ደም ስታዪ የምትወድቂ ከሆነ ውደቂ፤ ሁለት ሦስቴ ከወደቅሽ በኋላ መቆም ትለምጃለሽ።

ሳጥኔን ክፈቺ ያለሽ ማነው?

ለእናትሽ ንገሪያት፦ ቤቴን ኖራ ትቀባው። «ቀብቻለሁ» ብላ አስጽፋ ነበር፤ የእሷን «ቀብቻለሁ» ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ደብዳቤሽን አስተካክለሽ እንደገና ጻፊው። አንድም ስሕተት የሌለበት ሲደርሰኝ ስለ ፊርማው እንነጋገራለን።

አጎትሽ
ሌ. ካቺንግዌ


ካቺሌ መንደር
ማርች 30 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ

እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን፣ እርስዎ ደህና ከሆኑ።

ደብዳቤዎ የደረሰ ቀን እናቴ እጇን ጠርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። «በይ አንብቢልኝ፣ ወንድሜ ምን ይላል?» አለችኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁና «ይመርቀናል» አልኳት። «ይሄ ቀዩስ?» አለች። «እሱ ደግሞ ምርቃቱ የበዛበት ቦታ ነው» አልኳት። ውሸቴን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ስለ ኖራው ግን ነግሬያታለሁ፤ ነጭ አፈር ፍለጋ ወንዝ ወርዳለች።

ደብዳቤዬን ስድስት ጊዜ ጻፍኩት። የመጨረሻው ከዚህ ጋር አለ። ቀይ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አጠናኋቸው። ስለ «ዘ» ብዙ አሰብኩ። በእኛ ቋንቋ የለችም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ትርፍ ነገር መስላኝ ነበር። አሁን ገባኝ። አንድ መጽሐፍ መጀመሪያ ሲነሳ እንግዳ ነው፤ ሁለተኛ ሲነሳ ግን ተዋውቀናል፣ «ዘ» ትመጣለች። በመተዋወቅና ባለመተዋወቅ መካከል የቆመች ቃል ናት። ይህ ሲገባኝ ማዘኔን ረሳሁት። እርስዎ ባያርሙኝ አላገኘውም ነበር፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ተማሪዎችዎም ሳቁ እንጂ አልጠሉኝም ብዬ አስባለሁ።

ስለ ፍየሏ ያሉትንም አሰብኩበት። እውነት ነው፣ ያገኘሁትን ሁሉ ነው የማነበው። የማዳበሪያ ከረጢት አነባለሁ። ሚሲዮኑ መደርደሪያ ላይ መጨረሻው የተቀደደ ልብ ወለድ አለ፤ ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስት የተለያየ መጨረሻ ሠርቼለታለሁ፤ ሦስቱም ላይ ልጅቷ ትተርፋለች። ግን አጎቴ፣ ፍየሏ በልታ ትረሳለች። እኔ አልረሳም።

ስለ ምርጫው፣ ቃልዎን ሙሉ በሙሉ እንዳልጥል ብዬ ሁለተኛው መስመር ላይ ነርስነትን ጻፉልኝ። አንደኛውን ግን ለዞምባ ይተዉልኝ። እለምንዎታለሁ። ቢሹ ተንበርክኬ እንደምጽፍ አድርገው ያንብቡት።

ርእሰ መምህሩ በየሳምንቱ ሰኞ «የዘሊፋስ?» ይላሉ። ያልመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ታዛዥዎ
ዘሊፋ


ፍራንሲስታውን
ሜይ 9 ቀን 1996

ለዘሊፋ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሥራ ስለበዛብኝ ቶሎ አልጻፍኩም።

ሁለት ስሕተት ቀርቷል። የት እንደሆኑ አልነግርሽም፤ ፈልጊ። አዋቂ ነኝ ብለሽ የለ?

«ዘ» የመተዋወቅ ቃል ናት ያልሽው ልብ የሚነካ ነው። ሰዋስው ግን ልብ አይነካም፤ ሕግ ነው። ሕግን የምታፈቅር ሴት አይቼ አላውቅም፤ ሴት ሕግን ትፈራዋለች እንጂ።

ፎርሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ፤ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጥበታለሁ። አንደኛው መስመር ላይ ነርስነት የተጻፈበት አዲስ ፎርም ከላክሽልኝ በማግስቱ እፈርማለሁ። ቀኑ ያልፋል እንዳትዪኝ። የሚያልፈው የአንቺ ቀን ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

የቤቱን በር ቁልፍ ዘይት ቀቡት። እንደዛገ ሰምቻለሁ።

አጎትሽ


ካቺሌ መንደር
ሜይ 29 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ

እኛ ደህና ነን፣ እርስዎ ደህና ከሆኑ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ፍራንሲስታውን ደርሶ የሚመለስ ወረቀት የለም። ስለ ፎርሙ ከእንግዲህ አይድከሙ። ቁልፉን ዘይት ቀብተነዋል።

ዘሊፋ


ካቺሌ መንደር
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996

ለምወድዎትና ለተከበሩ አጎቴ

እንደምን ሰነበቱ? ዛሬ «እርስዎ ደህና ከሆኑ» አልልም፤ ደህና መሆን አለብዎት፣ ምክንያቱም ደስታ ነው የምጽፍልዎት!

ሐሙስ ዕለት ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች ስም በሬዲዮ ሊነበብ ነው ተባለ። ሬዲዮ ያለው ብስክሌት ጠጋኙ ማሊዘኒ ጋ ነው፤ የእናቴ አክስት ልጅ፣ ያውቁታል። ግማሹ መንደር ጎማና ሰንሰለት መሐል ተቀመጠ። ባትሪው ደክሞ ስለነበር ማሊዘኒ ሬዲዮውን በብብቱ አቅፎ ያሞቀዋል። አንባቢው ስም ያነባል፣ ያነባል፣ የእኔ የለም። እናቴ «ስምሽን በትክክል ነግረሻቸዋል?» ትለኛለች። ከዚያ «ዞምባ» አለና ስድስተኛው ላይ ስሜን ጠራ። ከእነአባቴ ስም! እናቴ ተነስታ ሬዲዮውን ከማሊዘኒ ተቀበለችና ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እንደ ሕፃን ጀርባውን ደበደበችው። ሴቶቹ ግን እልልታውን አቀለጡት።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። ሜይ 30 ቀን ርእሰ መምህሩ ሌላ ፎርም ሰጡኝ። ለፊርማ በተተወው ቦታ ላይ የእርስዎን ስም በእርስዎ እጅ አጣጣል ጻፍኩ። በደብዳቤዎቼ ላይ ያለውን ጽሑፍዎን አጥንቼው ስለነበር አልከበደኝም፤ «ካ»ውን እንዴት እንደሚያጥፉት፣ ከስምዎ ሥር እንዴት እንደሚያሰምሩ አውቃለሁ። ማንም አላወቀብኝም። እናቴ እንኳ አታውቅም። ሳልነግርዎ ዞምባ ኮሌጅ ብሄድ ግን የእርስዎን ቤት በመስኮት ገብቼ እንደዘረፍኩ ይሰማኛል። ስለዚህ እነግርዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ያባቴን ፊት አላውቀውም፤ አባቴ እርስዎ ነዎት። ስሜን በሬዲዮ ቢሰሙት ኖሮ ይፈርሙልኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኖቬምበር ላይ እገባለሁ። እናቴ ብርድ ልብሷን ለእኔ ልትሰጠኝ እያጠበች ነው።

ለዘላለም ታዛዥዎ
ዘሊፋ


ፍራንሲስታውን
ኦክቶበር 20 ቀን 1996

ለዘሊፋ

እንኳን ደስ አለሽ። በዚህ ደብዳቤሽ ስሕተት አላገኘሁም። ከእጅሽ የወጣ የመጀመሪያው ንጹሕ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ለሰው ማሳየት አላፈርኩበትም። በማግስቱ ለርእሰ መምህርሽ ልኬዋለሁ፤ ግልባጩን ለኮሌጁ። ከፊርማው ጋር የሚተያይ የእኔን እውነተኛ ፊርማ አያይዣለሁ፤ «ካ»ውን የማጥፈው አንቺ እንደመሰለሽ አይደለም።

ክፋት እንዳይመስልሽ። ሰው ስሙ ነው። ስሜን በሰው ወረቀት ላይ ካገኘሁት እኔ ሁለት ሆኛለሁ ማለት ነው፤ አንዱ መጥፋት አለበት። አንቺ ነሽ የጠፋሽው።

ሌላ ጉዳይ። የእኔ ውል በዲሴምበር ያልቃል። እዚህ ቦታዎቹን ለአገራቸው ልጆች እየሰጧቸው ነው፤ እኔም ደክሞኛል። አገሬ ገብቼ ቤቴ ልቀመጥ ነው። እናትሽ ግቢውን ትጥረግ። ከመንገድ በኩል ያለው ክፍል ለመጻሕፍቴ ይሁን።

አጎትሽ
ሌ. ካቺንግዌ


ካቺሌ መንደር
ኖቬምበር 24 ቀን 1996

ለሌቪሰን ካቺንግዌ

ይህን በቋንቋችን እጽፈዋለሁ። እንግሊዝኛ አንተንና እርስዎን አይለይም፤ በአንድ ቃል ሁሉንም ይሸፍናል። የእኛ ይለያል። ልዩነቱን እንድታየው ነው የምፈልገው። አንተ።

ርእሰ መምህሩ እናቴን አስጠሯት። ከመንደር እስከ ትምህርት ቤት የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሊመርቁኝ የጠሯት መስሏት አዲሱን ጨርቋን ታጥቃ፣ ለእሳቸው ድንች በቅርጫት ይዛ መጣች። ወንበር ሲሰጧት እንቢ አለችና እግሯን አጥፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የኮሌጁ መልስ ቀድሞ ተነበበ፤ ቦታዬ ለሌላ ተሰጥቷል፣ ለሁለት ዓመት ማመልከት አልችልም። ከዚያ ያንተ ደብዳቤ። ርእሰ መምህሩ እንግሊዝኛውን እያነበቡ ይተረጉሙላት ጀመር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ላብ አጥምቋቸው ነበር። «ልጅቷ ፊርማዬን ሰርቃለች፤ በእጇ የጻፈችው ኑዛዜ ይኸውና። እናቷን አትጠይቁ፤ ቀኟን ከግራዋ የማትለይ ናት።» እዚያ ላይ ለመተርጎም የማያስፈልግ አንድ ቃል ነበረ፤ በእኛው ቋንቋ የጻፍከው። ካምካዚ።

ምካዚ ሴት ናት፤ «ካ» የት እንደምትገባ ደግሞ የሰዋስው አስተማሪው ያውቃል። ጫጩት ላይ ትገባለች። የእንጨት ስባሪ ላይ ትገባለች። ሴት ላይ ስትገባ ሴትዮዋን ታኮማትራለች፤ በሁለት ጣት ይዘው የሚጥሏት ያህል ታደርጋታለች።

እናቴ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ «ይሄን የጻፈው እሱ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት ያሉት?» አለቻቸው።

«እሱ ነው የጻፈው፣ እማማ።»

«እስቲ ቃሉን ያሳዩኝ።»

ወረቀቱን ዝቅ አድርገው አሳዩዋት። ጣቷን አሳረፈችበት። «ይቺ ናት? እንዲህ አጭር ናት?» አለች። ድንቹን ትታላቸው ወጣን።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቁጭ አለችና «ዲግሪ የለውም» አለችኝ። «ማን?» አልኳት። «ሌቪ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ፈተና ወድቆ አባረሩት። ሳጥኑን በራሱ ተሸክሞ በበቆሎው መሐል መጣ፣ በመንገድ እንኳ አልመጣም። እግሬ ላይ ወድቆ ‹ለማንም እንዳትነግሪ› አለኝ። አልነገርኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ።» አንተን ያስተማረችው ትንባሆ ተሸክማ ነው፤ ያን ግን አላነሳችውም፤ እኔ ነኝ የማነሳው።

ማክሰኞ የቤታችን ሴቶች ተሰበሰቡ፤ ትልልቆቹም ልጃገረዶቹም። ምቡምባህ፣ አንተ የምትጠብቃቸው የእህቶች ወገን። ወንድ የሚጠብቃቸው ሴቶች ሲኖሩት ሰው ነው የምትሉት፣ እነዚያ። የመንደሩ አለቃ «ንኮስዌ እንዲሁ አይሻርም፤ ምክንያት ያስፈልጋል» አሉ። እናቴ ቆመች። ስብሰባ ላይ ቆማ ስትናገር አይቻት አላውቅም። «ዛፍ ሥር የሚቆመው ከዝናብ ለመጠለል ነው» አለች። «የእኛ ዛፍ መብረቅ ይጠራብናል። እኔን ይምታኝ፣ ለምጃለሁ። ልጄን መታት።» አለቃው ወደ ሌሎቹ ዞረው «እናንተስ?» አሉ። ሴቶቹ በየተራ እጃቸውን አጨበጨቡ። አንድም አልቀረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንኮስዌአችን ማሊዘኒ ነው። ማንበብ አይችልም። ስሙን መጻፍ ግን አስተምሬዋለሁ፤ ሦስት ቀን ፈጀብን፣ «ማ»ዋ ትገለበጥበታለች። ለእኔ የሚፈርመው ወረቀት የለም፤ ለሌሎች ልጆች ግን ይኖረዋል።

ስለ ቤትህ ጠይቀሃል። እዚያው አለ። መሬቱ የእናቴ ነው። ቁልፉ አለቃው ዘንድ ነው።

እኔ ድንች እቆፍራለሁ።

ዘሊፋ


ፍራንሲስታውን
ጃንዩወሪ 12 ቀን 1997

ለውድ እህቴ ለኤኔሌሲ

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ደህና ከሆንሽ። ይህን በቋንቋችን የጻፍኩት በደንብ እንድትሰሚኝ ብዬ ነው። ከጻፍኩበት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ እጄ ይጎትታል።

ሰዎች በመሐላችን ገብተዋል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ብዕሯ ግን ስለት አለው፣ ነገሩን አባብሳ ነው የጻፈችው። እኔ ሕግ ነው ያስከበርኩት። ሌላ ሰው ቢያገኝባት እስር ቤት ነበረች። ያቺ ቃል ደግሞ ከብዕሬ አመለጠች እንጂ ከልቤ አልወጣችም። እንደ ቀልድ አይተሽ እለፊያት።

ማሊዘኒ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፣ እትዬ። ሰው ይስቅብናል።

የአስተማሪዎቹን ቤት በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። አዲሱ መምህር ከነሚስቱ መጥቶ እቃውን በረንዳዬ ላይ አስቀምጧል። ልጆቹ በመስኮት እያዩኝ ነው የምጽፈው። መጻሕፍቴን በካርቶን አሥሬያለሁ። ከእናታችን መንደር ሌላ የምሄድበት የለኝም፤ ሚስት አላገባሁም፣ ይህንንም ታውቂያለሽ። ቁልፉን ከአለቃው ተቀበይልኝ። ከመንገድ በኩል ያለው ክፍል ብቻ ይበቃኛል። ንኮስዌ ካልሆንኩም ግዴለም፤ በጎን እቀመጣለሁ። መልስሽ በትምህርት ቤቱ በኩል ይደርሰኛል።

ዘሊፋ፣ ይህን ስታነቢላት አንዲት ቃል እንዳትዘዪ፣ አንዲትም እንዳትጨምሪ። በድምፅሽም እንዳታበላሺው።

ወንድምሽ
ሌቪ


ካቺሌ መንደር
ፌብሩወሪ 16 ቀን 1997

ለሌቪሰን ካቺንግዌ

ደብዳቤህን አንብቤላታለሁ። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፤ እንደተናገረችው ጽፌዋለሁ።

ሌቪ፣ እኔ ነኝ፣ ኤኔሌሲ። ደህና ነኝ፣ አንተ ደህና ከሆንክ።

እትዬ ብለኸኛል። ከአፍህ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ ልጅ ሆነህም አላልከኝም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

እናታችን ስትሞት አዝዬህ እርሻ ወርጃለሁ፤ እሱን አላነሳብህም፣ ልጅ ማዘል ውለታ አይደለም። ምስጢርህንም የነገርኩት ለዚህች ለልጄ ብቻ ነው፤ እሷም ለሌላ አትናገርም። ትንሽ ያልከኝንም ትቼዋለሁ። ትንሽ ነኝ። ካንተ ፊት ትንሽ ሆኜ ነው የኖርኩት፣ አንተ ትልቅ እንድትሆን።

ልጄን ግን ጧት ጧት አያታለሁ። ድሮ ስትቆፍር ለብቻዋ ታወራ ነበር፤ ቃል እየሰበረች፣ እየገጠመች። ያበደች መስሎኝ እስቅ ነበር። አሁን ዝም ብላ ነው የምትቆፍረው። ሚሲዮን ሄጄ መጽሐፍ ለምኜ አመጣሁላት፤ አልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች፣ አቧራውን እኔ ነኝ የምጠርገው። ይሄን ስነግርህ እሷው ናት የምትጽፈው። ቀና ብላ አላየችኝም። መጻፏን ቀጥላለች።

ይሄን ነው ልተወው ያልቻልኩት።

ስለ ቁልፉ። አለቃው ጋ ይቆያል። ቤትህን መጥረግ አልተውኩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በመስኮት በኩል አያለሁ፣ በረንዳውን እጠርጋለሁ። እዚያው አገር ቀንህ ከደረሰ ሰው ንገርና ይላኩህ። ማሊዘኒ ጋሪ ይዞ ዴድዛ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ይመጣል። በሩን እንከፍታለን። በቤትህ እናሳድርሃለን፣ ሴቶቹ ሁሉ ያለቅሱልሃል፣ እኔም አለቅስልሃለሁ፣ ከእናታችን አጠገብ እንቀብርሃለን። ሬሳ አይከለከልም።

በቁምህ ግን አትምጣ።